ልጁን አባት የሚያደርግ ፋይል

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ በመቱ ከተማ ከሚገኙ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከአገልግሎት ሊሰናበት ተወሰነ። በውስጡ ለዓመታት የተጠራቀመ የአድራሻ መዝገብ ነበረ። ከመቱና ከጎሬ፣ ከሁሩሙና ከያዮ፣ ከዳሪሙና ከቡሬ፣ አልፎም ከበደሌ የሚመጡ ባለጉዳዮች ስምና የስልክ ቁጥር በዚያ መዝገብ ሰፍሮ ይገኛል። እኛም ይህንን መዝገብ ወደ አዲሱ ኮምፒውተርና ወደ ሠራተኞቹ ስልኮች እንድናሻግር ተጠየቅን። ሥራው የግማሽ ቀን መስሎን ነበር። ፋይሉን ከአሮጌው ፕሮግራም አወጣን፤ ከኢንተርኔት ባገኘነው ለዋጭ ፕሮግራም ስልኮቹ ወደሚያነቡት ቅርጽ ለወጥነው፤ ካስገባን በኋላም ተሰናብተን ሄድን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰማነው ወሬ ግን የሚያኮራ አልነበረም። አንድ ወጣት ባለጉዳይ ለቀጠሮ ይጠራ ዘንድ ስሙ ከመዝገቡ ተፈለገ። ስሙን እዚህ ለምሳሌ ያህል «ገመቹ ታደሰ» እንበለው። ስሙ ተገኘ፤ ተደወለ፤ «ነገ ጠዋት ይምጡ» ተባለ። በማግሥቱ በዝናብ ከሩቅ ቀበሌ በእግር ተጉዘው የደረሱት ግን አንድ አዛውንት ነበሩ። እርሳቸው የወጣቱ አባት ናቸው፤ ልጃቸውን በአባታቸው ስም ስለሰየሙት የእርሳቸው ሙሉ ስም «ታደሰ ገመቹ» ነው። ፋይሉ ሲለወጥ የስሞቹ ቅደም ተከተል በመገልበጡ ልጁ አባት፣ አባትየውም ልጅ ሆነው ተመዝግበዋል። ወጣቱን ተራው አለፈው፤ አዛውንቱም ያላንዳች ጉዳይ ውለው በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

ይህ ጽሑፍ በከፊል የእኒያን አዛውንት ይቅርታ ለመለመን የተጻፈ ነው። ከዚያ ባሻገር ግን አንድ አቋም ይዘን ቀርበናል። ይኸውም የአድራሻ መዝገብን ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላው መለወጥ ማንም በችኮላ የሚያከናውነው የጽሕፈት ሥራ ሳይሆን በጥንቃቄ ሊጠና የሚገባው የሳይንስ ጥያቄ መሆኑ፤ የእኛን ስም፣ የእኛን ቁጥርና የእኛን ፊደል ሳያጎድል የሚያሻግር ለዋጭ ፕሮግራምም ሌላው ዓለም ሠርቶ እስኪሰጠን መጠበቅ እንደማይገባን ነው።

ከመስኮቱ በስተጀርባ

እንደሚታወቀው በስልካችን መስኮት ላይ የሚታየን አንድ ስምና አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ዝርዝሩን ከስልኩ አውጥተን ስንመለከተው ግን በተራ ጽሑፍ የተሞላ ፋይል ሆኖ እናገኘዋለን። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ቅርጽ «ቪካርድ» ይባላል። ይህን ቅርጽ መጀመሪያ ያወጣው አፕል፣ ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ.፣ አይ.ቢ.ኤም. እና ሲመንስ የተባሉት ኩባንያዎች በአንድነት ያቋቋሙት «ቨርሲት» የተሰኘ ኅብረት ነው። 2.1 የተባለው እትም እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ። ከዚያም 3.0 በ1998፣ 4.0 ደግሞ በ2011 የኢንተርኔት ደንቦችን በሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል አማካይነት ታተሙ። ችግሩ ታናሹ ሲወለድ ታላቁ አለመሞቱ ነው፤ ሦስቱም እትሞች ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይጓዛሉ።

ሁለተኛው የታወቀ ቅርጽ «ሲ.ኤስ.ቪ.» ይባላል። እያንዳንዱ መስመር አንድን ሰው ይወክላል፤ በመስመሩ ውስጥ ያሉት ዓምዶችም በኮማ ይለያያሉ። ቅርጹ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ አጠቃላይ ደንቡ በኢንተርኔት ሰነድነት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ያም ሰነድ ቢሆን ዓምዶቹ ምን ተብለው እንደሚጠሩና በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀመጡ አይደነግግም። ስለዚህም ከጉግል የወጣ ሲ.ኤስ.ቪ. እና ለአውትሉክ የተዘጋጀ ሲ.ኤስ.ቪ. ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የዓምዶቻቸው አጠራር የተለያየ ነው።

እንግዲህ «መለወጥ» ማለት በአንደኛው ቅርጽ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዓምድ በሁለተኛው ቅርጽ ውስጥ ከሚመሳሰለው ቦታ ጋር ማገናኘት ነው። የሚመሳሰል ቦታ ሲጠፋ ለዋጩ ፕሮግራም ወይ ይገምታል፣ ወይ ይጥላል። ግምቱም የሚመሠረተው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው በኖረበት አገር ልማድ ላይ ነው።

አምስት ሣጥን ለአንድ ስም

ቪካርድ ስምን በሁለት መንገድ ይመዘግባል። አንደኛው ስሙን ሰው እንደሚያነበው ሳይነጣጥል በአንድ መስመር የሚያሰፍረው «ሙሉ ስም» ነው። ሁለተኛው መንገድ ስሙን በአምስት ሣጥን ይከፋፍለዋል፤ እነርሱም የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስም፣ ተጨማሪ ስም፣ ከስም በፊት የሚመጣ ማዕረግና ከስም በኋላ የሚመጣ ቅጽል ናቸው። አንባብያን ልብ እንዲሉልን የምንሻው የቤተሰብ ስም የመጀመሪያውን ሣጥን መያዙን ነው።

እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። አማርኛ ተናጋሪውም ሆነ ኦሮሞው በአብዛኛው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም ይከተላል፤ አስፈላጊ ሲሆን የአያቱ ይታከላል። ሴት ልጅ ስታገባ የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ባል፣ ሚስትና ልጆች ከራሳቸው ስም ቀጥሎ የሚጽፉት ስም ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የአባት ስም የዝምድና ምስክር ነው እንጂ የቤተሰቡ የወል መጠሪያ አይደለም።

በእኛ ላይ የደረሰው ጥፋትም ከዚሁ የመነጨ ነበር። አሮጌው ፕሮግራም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን የመጀመሪያው ዓምዱ «የቤተሰብ ስም» ይላል። መዝገቡን የሞላው ጸሐፊ ግን ስምን ስንጽፍ እንደለመድነው በመጀመሪያው ዓምድ የራስን ስም፣ በሁለተኛው የአባትን ስም አስገብቷል። ለዋጩ ፕሮግራም የዓምዱን ርእስ አምኖ «ገመቹ»ን የቤተሰብ ስም፣ «ታደሰ»ን የራስ ስም አደረገ፤ ስልኩም የራስ ስምን አስቀድሞ «ታደሰ ገመቹ» ብሎ አሳየ። ጸሐፊው በአገሩ ልማድ ትክክል ነበር፤ ፕሮግራሙም በአገሩ ልማድ ትክክል ነበር። የተሳሳትነው በሁለቱ መካከል የቆምነው እኛ፣ ከመዝገቡ ላይ አሥር ስም እንኳ አውጥተን ሳናመሳክር የሄድነው ነን።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። «ገብረ ማርያም»፣ «ወልደ ሥላሴ»፣ «ኃይለ መስቀል» የሚሉትን ጥምር ስሞች ብዙ ሰው በክፍት ቦታ ለያይቶ ይጽፋቸዋል። ክፍት ቦታን እየተከተለ የሚቆርጥ ፕሮግራም «ገብረ»ን የራስ ስም፣ «ማርያም»ን የቤተሰብ ስም ያደርጋል። «ዶ/ር» እና «ወ/ሮ» የሚሉትን ማዕረጎች የማያውቅ ፕሮግራም ደግሞ የራስ ስም አድርጎ ይወስዳቸዋል፤ ሐኪሞች ሁሉ በ«ዶ» ፊደል ሥር ተሰልፈው ይገኛሉ። «ኢሉ አባ ቦር» የሚለውን የአካባቢያችንን መጠሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም ብንሰጠው «ኢሉ» የሚባል ሰው፣ «አባ» የተሰኘ ተጨማሪ ስም፣ «ቦር» ከተባለ ቤተሰብ ጋር ፈጥሮ ይመልስልናል።

በዚህ ረገድ ብቸኞች አይደለንም። አይስላንዳውያንም በአብዛኛው የሚጠሩት በራሳቸውና በወላጃቸው ስም ስለሆነ የስልክ ማውጫቸውን ሲደረድሩ የኖሩት በራስ ስም ነው። የቪካርድ ደንብ አዘጋጆችም ነገሩን ፈጽመው አልዘነጉትም፤ በ3.0 እትም ሙሉ ስሙም አምስቱ ሣጥኖችም ግዴታ የነበሩ ሲሆን፣ በ4.0 እትም ግዴታ ሆኖ የቀረው ሙሉ ስሙ ብቻ ነው። ይህ ለእኛ የተከፈተ በር ነው። ስማችንን ሳንቆርጥ ማስፈር እንችላለን።

የጠፋችው ዜሮ

ከስም ቀጥሎ የሚጎዳው ቁጥር ነው። አንድ ተማሪ የስልክ ዝርዝሩን በሲ.ኤስ.ቪ. አውጥቶ በኤክሴል ይከፍታል እንበል። ኤክሴል የስልክ ቁጥርን እንደ መጠን ይቆጥረዋል፤ በመጠን ፊት የምትቆም ዜሮ ደግሞ ዋጋ የላትም። ስለዚህ 0917000000 የነበረው 917000000 ይሆናል። ዜሮዋ ስትወድቅ ድምፅ አታሰማም።

ቁጥሩ በ+251 የተጻፈ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። የመደመር ምልክቱ ይጠፋል፤ የቀሩት 12 አሃዞች ለሣጥኑ ስለሚረዝሙ ኤክሴል በሳይንሳዊ አጻጻፍ አሳጥሮ 2.51917ኢ+11 ብሎ ያሳያቸዋል። ተማሪው ይህንኑ ፋይል መልሶ በሲ.ኤስ.ቪ. ካስቀመጠው የሚጻፈው በመስኮቱ የታየው አጭር ቁጥር ነው። ከ12ቱ አሃዞች የተረፉት 6ቱ ናቸው። 251 አገሪቱን፣ 917 የቁጥሩን ምድብ ይናገራል፤ የጠፉት 6 አሃዞች ግን ሰውየው ራሱ ነበሩ። ይህን ፋይል የሚመልስ ምንም ዓይነት ስሌት የለም።

የአገራችን የስልክ ቁጥሮች ታሪክም የራሱን ጣጣ ይጨምራል። በመስከረም ወር 1998 ዓ.ም. የያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የቁጥር አሰጣጡን በመለወጡ የመደበኛ ስልክ ቁጥሮች ከ6 ወደ 7 አሃዝ አደጉ። የአዲስ አበባ መለያ ከ01 ወደ 011 ተለወጠ። የእኛ የደቡብ ምዕራቡ ክፍል መለያ 047 ሲሆን የመቱ ቁጥሮች በ441፣ የበደሌዎቹ በ445 ይጀምራሉ። ከዚያ ለውጥ በፊት የተጻፈ መዝገብ ያለው መሥሪያ ቤት ባለ6 አሃዝ ቁጥሮችን ዛሬም ሊያገኝ ይችላል። ወዲህ ቀረብ ስንል ደግሞ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚነሡ የሞባይል ቁጥሮች መጡ። የሞባይል ቁጥር ሁሉ በ09 ይጀምራል ብሎ የሚያምን አሮጌ ፕሮግራም እነዚህን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ይጥላቸዋል።

መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው ደንብ መሠረት አንድ የስልክ ቁጥር የአገር መለያውን ጨምሮ ከ15 አሃዝ አይበልጥም፤ የእኛ ሙሉ ቁጥር ደግሞ 251 እና 9 አሃዝ፣ በድምሩ 12 ነው። ለዋጩ ፕሮግራም በ0 የሚጀምር ባለ10 አሃዝ ቁጥር ሲያገኝ ዜሮዋን አንሥቶ +251 ይተካ። ባለ9 አሃዝ ሲያገኝ ዜሮዋ መውደቋን ተረድቶ እንደዚያው ያድርግ። ባለ6 ወይም ባለ7 አሃዝ ሲያገኝ ግን አይገምት፤ ምልክት አድርጎ ለሰው ያቅርብ። አላውቅም ማለትን የሚያውቅ ፕሮግራም ሁሉን አውቃለሁ ከሚለው ይሻላል።

ሦስት ባይት የምትመዝን ፊደል

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት በአገራችን የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እየተኩ ያስቀምጧቸው ነበር፤ አተካከሉም ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ይለያይ ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ የስም ዝርዝር ያለ ቅርጸ ፊደሉ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ክምር ሆኖ ይታያል። ይህን ለማንበብ የያኔውን ፕሮግራም የፊደል ሰንጠረዥ ማግኘት የግድ ነው።

ዩኒኮድም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይበቃም። ዩ.ቲ.ኤፍ.-8 በተሰኘው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ለምሳሌ «መ» የምትጻፈው በአሥራ ስድስት ቤት የቁጥር ሥርዓት ኢ1፣ 88 እና 98 በሚሉ ሦስት ባይቶች ነው። ፋይሉን በአሮጌው የምዕራብ አውሮፓ ኮድ የሚከፍት ፕሮግራም ሦስቱን ባይቶች ሦስት የተለያዩ ምልክቶች አድርጎ ያሳያቸዋል፤ «መቱ» የምትለው ባለሁለት ፊደል ቃል በስድስት እንግዳ ምልክቶች ትተካለች። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ፋይሉ ተበላሸ» ብሎ ይሰርዘዋል። ፋይሉ ግን ደኅና ነው፤ የተሳሳተው አንባቢው ነው። በትክክለኛው ኮድ ቢከፈት ስሞቹ ይመለሳሉ። በስሕተት ተከፍቶ መልሶ የተቀመጠ እንደሆነ ግን መመለሱ ያጠራጥራል።

አሮጌው የቪካርድ 2.1 እትም ደግሞ ከላቲን ውጭ ያሉትን ባይቶች በእኩል ይሆናል ምልክት እየታገዘ በሦስት በሦስት ምልክት ይጽፋቸዋል። በዚህ ዘዴ አንዲት የግዕዝ ፊደል 9 ምልክት ትፈጃለች፤ «መቱ» 18 ሆነች ማለት ነው። በአንድ መስመር ላይ የሚፈቀደው ግን 76 ምልክት ስለሆነ ረዘም ያለ የአማርኛ ስም ከመስመር ወደ መስመር ይሰበራል። የተሰበረውን መልሶ የማይቀጥል ለዋጭ ፕሮግራም የአባትን ስም ከመካከል ቆርጦ ይጥለዋል። የእንግሊዝኛ ስሞች በዚህ ስለማይነኩ የፕሮግራሙ ሠሪ ስሕተቱን ላያየው ይችላል።

በኢሉባቦር ከተሞች ነገሩ ሌላም መልክ አለው። በአንዱ ስልክ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ፣ በቁቤ የተጻፈና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስም ጎን ለጎን ይኖራሉ። «መቱ» በቁቤ ስትጻፍ «ቲ»ም «ዩ»ም ይደገማሉ፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ አንዳንዱ በአንድ «ቲ»፣ አንዳንዱ በሁለት ይጽፋታል። በአማርኛም «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ተብላ የተመዘገበች አንዲት ሴት ለኮምፒውተሩ ሦስት ሴቶች ናት። ተደጋጋሚ ስሞችን የሚያዋሕድ ፕሮግራም ይህን ካላወቀ አንዷን ሦስት አድርጎ ይተዋታል፤ ያለ ልክ ከደፈረ ደግሞ ሦስት ሰዎችን አንድ ያደርጋል።

የማይሞላው ሣጥን

የመኖሪያ አድራሻም እንዲሁ ነው። ቪካርድ ለአድራሻ ሰባት ሣጥን አዘጋጅቷል፤ የመጀመሪያው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሆነ ይህ ለእኛ የተዘጋጀ ይመስላል። ሆኖም የ4.0 እትም ደንብ ይህ ሣጥን በፕሮግራሞች መካከል ብዙ አለመግባባት ስላስከተለ ባዶ ቢተው ይሻላል ይላል። ቀበሌና የቤት ቁጥር ደግሞ የራሳቸው ቦታ የላቸውም። በደሌ ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ አሮጌ መዝገቦች ግን ከኢሉባቦር ሥር ያኖሯታል። የልደት ቀንም በደንቡ የሚታሰበው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። የተወለደበትን 1980 ዓ.ም. እንዳለ ያስገባ ሰው በፋይሉ ውስጥ 7 ወይም 8 ዓመት አርጅቶ ይገኛል።

«ምን አደከማችሁ?» ለሚሉን

ይህን ሁሉ ስንናገር ሦስት ዓይነት ተቃውሞ እንደሚቀርብልን እናውቃለን።

አንደኛው «ስልኬ ከጉግል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዝርዝሩ በራሱ ይሻገራል፤ ፎርማት ምን ያደርግልኛል?» የሚል ነው። ለአንድ ግለሰብ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ዝርዝሩንም አብሮ ይረሳል። መሥሪያ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና የቡና ገበሬዎች ማኅበር ደግሞ የሕዝብ አደራ የሆነ መዝገባቸውን በአንድ ሠራተኛ የግል አካውንት ላይ ሊያሳድሩ አይገባም። ሠራተኛው ሲዛወር መዝገቡም አብሮት ይዛወራልና።

ሁለተኛው «በኢንተርኔት ነጻ የመለወጫ ገጾች ሞልተዋል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ እኛም በመቱ የተጠቀምነው በዚያው በተገኘ ፕሮግራም ነው። ግን ፋይሉን ወደማናውቀው ኮምፒውተር ስንልክ የምናስረክበው የራሳችንን ስልክ አይደለም፤ ያልጠየቅናቸውን የመቶ ሰዎች ስምና ቁጥር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝና የሚያስተላልፍ አካል ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ሕግ ባይኖር እንኳ የጎረቤትን ስም ገበያ ላይ መበተን ነውር መሆኑን ከወላጆቻችን ተምረናል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የሚያሳስበን ነው። «ሁሉንም በእንግሊዝኛ ፊደል ብንጽፈው ይህ ጣጣ ይቀር ነበር» የሚሉ ወጣቶች አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በዘፈቀደ ወደ ላቲን የተገለበጠ ስም አይመለስም፤ «ተ»ም «ጠ»ም በአንድ «ቲ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በአንድ «ኤች» ከተጻፉ በኋላ የትኛው የትኛው እንደነበረ ፋይሉ አይነግረንም። ቁቤም ቢሆን የላቲንን ፊደል ይጠቀም እንጂ የራሱ ሕግ ያለው አጻጻፍ ነው፤ በቁቤ «ጫላ» የሚጻፈው በ«ሲ» ፊደል ተጀምሮ ነው፤ ይህን እንደ እንግሊዝኛ የሚያነብ ፕሮግራም «ካላ» ብሎ ይመልሰዋል። ማንኛውም ለውጥ ሊመዘን የሚገባው ተመልሶ የመጀመሪያውን በማስገኘቱ ነው። ሒሳብ የምትማሩ አንባብያን ይህን በሌላ ስሙ ታውቁታላችሁ፤ ተገላባጭ የሌለው ፈንክሽን መረጃ ያጠፋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የምናቀርባቸው ሐሳቦች ውድ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም። በመጀመሪያ፣ ለውጥ ከመጀመሩ በፊት የዋናው ፋይል ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ሙሉ ስም ባለቤቱ በሚጽፈው ቅደም ተከተልና ፊደል በአንድ መስመር ይስፈር፤ አምስቱን ሣጥኖች መሙላት ግድ ከሆነ የራስ ስም በራስ ስም ቦታ መግባቱ ይረጋገጥ። ሦስተኛ፣ ቁጥሮች ሁሉ በ+251 ተጽፈው እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ መጠን አይያዙ። አራተኛ፣ ፋይሉ በዩ.ቲ.ኤፍ.-8 ይቀመጥ፤ በ4.0 እትም ይህ ግዴታ ነው። አምስተኛ፣ የቡና ነጋዴ ጆንያውን ሲጭንም ሲያራግፍም እንደሚመዝን ሁሉ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የስሞቹ ብዛት ይቆጠር፤ ከመካከላቸውም በዕጣ አሥር ወይም ሃያ ተነሥተው ከዋናው ጋር በዓይን ይመሳከሩ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ተሟልቶ ቢሆን ኖሮ አንድ አዛውንት በዝናብ ባልተጓዙ ነበር።

ወደ ተማሪዎቻችን እንመለስ። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እዚህ የዘረዘርነውን ሁሉ በፓይተን ቋንቋ ሊጽፈው ይችላል፤ ሲ.ኤስ.ቪ. የሚያነበው ክፍል ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ቪካርድም ተራ ጽሑፍ ስለሆነ መጻፉ አይከብድም። የሚከብደው ዕውቀቱ ነው። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ» የሚሉት ለብቻቸው የማይቆሙ መሆናቸውን፣ «ወ/ሮ» ማዕረግ መሆኑን፣ 441 የመቱ መሆኑን፣ «ታደሰ ገመቹ» እና «ገመቹ ታደሰ» አባትና ልጅ ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚያውቅ የሩቅ አገር ፕሮግራም ሠሪ የለም። ያሉን እናንተ ናችሁ። በመቱ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የምትማሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ርእስ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ማኅበር ግቡና መዝገባችሁ በምን ተጽፏል ብላችሁ ጠይቁ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ብትሆኑ የእናት የአባታችሁን ስልክ ዝርዝር በአንድ ፋይል አውጥታችሁ ማስቀመጥ ከዛሬ ምሽት የሚያልፍ ሥራ አይደለም። ስልክ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ነው የሰው ቁጥር የሚናፍቀው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብለዋል። ስምን ከመቃብር በላይ የሚያውለው ግን አንድ ሰው በትክክል ጽፎ ሲያቆየው ነው። ትናንት ይህን ሥራ በብራና የሠሩት ጸሐፍት አንዲት ፊደል እንዳትጎድል እየተመለሱ ያርሙ ነበር። ዛሬ ሥራው በፋይል ሆኗል፤ ኃላፊነቱ ግን ያው ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን እኛ በመቱ በሚገባ ተምረነዋል። መዝገቡን ከዚያ ወዲህ ከዋናው ቅጂ ተነሥተን እንደገና ለውጠነዋል፤ በዚህ ጊዜ ሦስት ቀን ወሰደብን፤ አባትና ልጅም በየስማቸው ተመልሰዋል።